የፕሪንተሩ ችግር የሚጀምረው ከግዢው ወረቀት ነው



የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ ነው። አዲስ ፕሪንተር ይመጣል፤ ካርቶኑ ይከፈታል፣ ገመዱ ይሰካል፣ አረንጓዴው መብራት ይበራል። ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። ወይም ያውቀውና ማንም የማያነበው ምልክት የሞላበት ወረቀት ላይ በላይ ያወጣል። ወይም ትናንት ሲያትም የዋለው ማሽን፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ስለተደረገ ብቻ ዛሬ አልታዘዝም ይላል። ደጅ ላይ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠብቅ ገበሬ፣ የትምህርት ማስረጃ የሚጠብቅ ተማሪ ቆሟል። «ነገ ተመለሱ» ይባላሉ። አንዱ ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ ይሆናል፤ ሌላው ግን ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው የመጣው።

አዲስ አበባ ቢሆን ማሽኑን በታክሲ ይዞ ጥገና ቤት ማድረስ ነው። ከመሐል ሜዳ የሚላከው ግን በሞላሌና በመዘዞ አልፎ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ጋር ተገናኝቶ ደብረ ብርሃን መድረስ አለበት። ከራቤል የሚነሣውማ መጀመሪያ መሐል ሜዳ ድረስ ይመጣል። ከዓለም ከተማ የሚሄደው ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ በለሚ በኩል አቀበቱን ይወጣል። በዚህ ሁሉ ጉዞ የተናጠ ማሽን ሌላ ብልሽት ይዞ ቢመለስ ማን ይደነቃል? ስለዚህ ለእኛ አገር ነገሩ ከጥገና በፊት ማለቅ አለበት። ፕሪንተርና ኮምፒውተር መግባባት አለመግባባታቸው የሚወሰነው ጠጋኙ ሲመጣ አይደለም፤ ገዢው የዕቃውን ዝርዝር የጻፈ ዕለት ነው። ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

«አትም» ብለን ስንጫን ምን እንደሚሆን እንይ። ኮምፒውተሩ ገጹን የሚልከው ፕሪንተሩ በሚያውቀው የትእዛዝ ቋንቋ ነው። ኤችፒ ፒሲኤል የሚባለውን ቋንቋ አወጣ፤ አዶቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ፖስትስክሪፕትን አመጣ። የኤችፒ የመጀመሪያው ሌዘርጄት ለገበያ የቀረበውም በዚያው ዓመት ነው። እነዚህን ቋንቋዎች የሚያውቅ ፕሪንተር በውስጡ የራሱ አንጎለ ኮምፒውተርና የራሱ ማስታወሻ አለው፤ «ይህን ፊደል፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ቦታ» ሲባል ገጹን ራሱ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ዓይነት ግን ይህን ሥራ ሁሉ ለኮምፒውተሩ ይተዋል። ኮምፒውተሩ ገጹን ነጥብ በነጥብ ሠርቶ ይሰጠዋል፤ ፕሪንተሩ የሚያደርገው ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። ልዩነታቸው የቁም ጸሐፊና የጀማሪ ተማሪ ልዩነት ነው፤ ለቁም ጸሐፊው «መዝሙረ ዳዊት ጻፍ» ብላችሁ ብራናውን ትተዉለታላችሁ፣ ጀማሪው ግን በእያንዳንዱ መስመር መምህሩ አጠገቡ መቆም አለበት።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት የተፈለሰፈው ዋጋ ለመቀነስ ነው፤ ተሳክቶለታልም። በገበያችን የምናውቃቸው ብዙዎቹ ትናንሽ ሌዘር ፕሪንተሮች ከዚህ ወገን ናቸው። ካኖን ኤልቢፒ 2900 ካፕት በሚባል የካኖን የራሱ አሠራር ብቻ ይታዘዛል። ኤችፒ ሌዘርጄት 1018ና 1020፣ ኋላም ፒ1102 የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ማሽኖቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ጠንካሮች ናቸው፤ ቶነራቸው በቀላሉ ይገኛል፣ ዓመታት ያገለግላሉ። ነገር ግን መምህራቸው የሆነው ሶፍትዌር፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ከጠፋ ወይም ከኮምፒውተሩ ጋር ካልተስማማ በሌላ መንገድ ልታናግሯቸው አትችሉም።

1020ን በተለይ ላንሣ። ይህ ማሽን የሚሠራበትን ፕሮግራም በውስጡ አያስቀምጥም፤ በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ እንደገና ይልክለታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ሁሉን ረስቶ ነው የሚነሣው። ሲነሣ ኮምፒውተሩ ካልበራ፣ ወይም ድራይቨሩ ከተበላሸ፣ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ዝም ይላል። ጸሐፊዋ «ተበላሸ» ትላለች፤ ያልተበላሸ ማሽን ለጥገና ይጫናል። በየቀኑ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቁም ነገር ነው። ፒ1102 ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ መጀመሪያ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ፕሪንተር ሳይሆን ሲዲ መስሎ ሊያየው ይችላል፣ ምክንያቱም ድራይቨሩን በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ ነው። ለዊንዶውስ ታስቦ የተደረገ በጎ ነገር ነበር፤ ሊነክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ግን ያንኑ ሲዲ መሳይ ነገር እያሳየ ያደናግራል።

ወደ ዊንዶውስ እንምጣ፤ አብዛኛው ጭቅጭቅ እዚህ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨር አይቀበልም። ጽሕፈት ቤቱ ለዓመታት ያቆየው ሲዲ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው እንጂ ሲዲው ስለተጫረ አይደለም። አምራቹም ለአሮጌ ሞዴል አዲስ ድራይቨር መጻፍ የሚያቆምበት ቀን አለ። ኤችፒ ሌዘርጄት 1010 ይህ የደረሰበት ማሽን ነው፤ ዊንዶውስ 7 ሲመጣ የራሱ የሆነ ድራይቨር አላገኘም። በየአገሩ ያሉ ጠጋኞች ዘዴ ፈጠሩለት፦ የሌዘርጄት 3055ን ፒሲኤል 5 ድራይቨር መርጦ፣ ፖርቱን ዶት 4 ላይ አድርጎ ማሠራት። ሠራም። እዚህ ያላችሁ ጠጋኞች ይህን ዘዴ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስንት ማሽን ከመጣል እንዳዳናችሁም ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 የሚሸጋገር ጽሕፈት ቤት ሁሉ ኮምፒውተሩን ከመቀየሩ በፊት ያለውን ፕሪንተር ስምና ቁጥር ጽፎ ድራይቨር እንዳለው ቢያጣራ፣ በኋላ ሁለት ዕቃ በአንዴ ከመግዛት ይድናል።

«ድራይቨሩን ከኢንተርኔት አውርድ» የሚለው ምክር ከተማ ውስጥ የተወለደ ምክር ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት፣ አንድ ኮምፒውተር ፎርማት ያደረገ ሰው ድራይቨር ከየት ያመጣ ነበር? ፍላሽ ላይ ያስቀመጠ ሰው ካለ እሱን መፈለግ ነበረበት። እኔ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ አቋም አለኝ። ማንኛውም ጽሕፈት ቤት የየፕሪንተሩን ድራይቨር፣ ለ32ም ለ64ም ቢት፣ ከአምራቹ ገጽ አውርዶ በሁለት ፍላሽ ይያዝ፤ አንዱ ንብረት ክፍል ይቀመጥ። ከማይታወቅ ገጽ የሚወርደውን «ድራይቨር ፈላጊ» ፕሮግራም ግን ተዉት፤ ቫይረስና ማስታወቂያ ይዞ የሚገባው በዚያ በር ነው።

በአንድ ፕሪንተር አራት ኮምፒውተር የምታሠሩ ቢሮዎችም አላችሁ። ፕሪንተሩ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ለሌሎቹ ሼር ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በዊንዶውስ የማተሚያ አገልግሎት ውስጥ «ፕሪንት ናይትሜር» የተባለ አደገኛ ክፍተት ተገኘ፤ ሰርጎ ገብ ሰው በፕሪንተር ድራይቨር ሰበብ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ሊቆጣጠር ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት በሩን ዘጋ። በዚያው ዓመት የማተሚያ አገልግሎቱን ጥበቃ ይበልጥ ሲያጠብቅ ግን ሼር የተደረጉ ፕሪንተሮች በየቦታው መሥራት አቆሙ፤ መጨረሻው 11ቢ የሆነ የስሕተት ቁጥር የሚወጣው ያኔ ነው። ብዙ ሰው መፍትሔ ብሎ የያዘው ያንን ጥበቃ ማጥፋትን ነው። ይህ የቤቱን ቁልፍ ሰብሮ መግባት ስለሆነ አልደግፈውም። ትክክለኛው መንገድ ሁሉንም ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሩ የተሰካበትንም ጭምር፣ ወደ አንድ ዓይነት ወቅታዊ ደረጃ ማምጣት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የኔትወርክ ገመድ የሚቀበል ፕሪንተር መግዛት ነው፤ ያኔ ማንም የማንንም ኮምፒውተር እስኪከፍት አይጠብቅም።

ድራይቨር የሚባል ነገር በአምራቹ እጅ ብቻ መሆኑ ያስቆጣቸው ሰዎች ከእኛ በፊትም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ፕሮግራመር ነበር። በቤተ ሙከራቸው በነበረው የቀድሞ ማተሚያ ላይ፣ ወረቀት ሲይዝ ኅትመት ለሚጠብቀው ሁሉ መልእክት የሚልክ ማሻሻያ ጨምረው ነበር። ከዚሮክስ የመጣው አዲሱ ሌዘር ማተሚያ ግን ፕሮግራሙ የተቆለፈ ስለነበረ ማሻሻል አልቻሉም፤ ቅጂው ያለውን ባለሙያ ቢጠይቅም ተከለከለ። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ አንዱ መነሻ ይህ ነበር። ዛሬ በሊነክስና በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ማተምን የሚያስተናግደው ከፕስ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ያመጣው ኤርፕሪንት፣ ካኖን፣ ኤችፒ፣ ሳምሰንግና ዚሮክስ እ.ኤ.አ. በ2013 የመሠረቱት ሞፕሪያ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ናቸው፦ ፕሪንተር ሁሉ አይፒፒ በተባለ የጋራ ደንብ ይናገር፣ ለየሞዴሉ ድራይቨር መፈለግ ይቅር። ማይክሮሶፍትም በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ከየአምራቹ የሚመጡ ድራይቨሮችን በዊንዶውስ በኩል ማዳረሱን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል። ይህ ለእኛ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ደንቡን የሚያውቅ ማሽን ከገዛን ማለት ነው። ካልገዛን ግን ዛሬ በርካሽ የገዛነው ማሽን ነገ መምህር አልባ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ስለ አገራችን ከፍታ ልናገር፤ ይህን ነገር በሚገባው መጠን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ በአየር ላይ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ከበሮው በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞላል፣ ብርሃኑ ፊደሉን ይቀርጽበታል፣ ቶነሩ ወደ ተቀረጸው ቦታ ይሳባል፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል፣ በመጨረሻ በ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚግል ሮለር ይቀልጥና ይጣበቃል። አየሩ ሲሳሳ ከበሮውና ሮለሩ መካከል ያለው ክፍተት ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ያሾልካል። ውጤቱ ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ወይም ነጭም ጥቁርም ነጠብጣብ ይበተናል፣ ወይም ገጹ በሙሉ ግራጫ ይለብሳል። ሰው ቶነር ይቀይራል። ለውጥ የለም። ከበሮ ይቀይራል። አሁንም ለውጥ የለም።

አምራቾቹ ይህን ያውቁታል። የሳምሰንግ ሌዘር ፕሪንተሮች መመሪያ የከፍታ ማስተካከያ የሚል ክፍል አለው፤ ከ1,000 ሜትር በታች «መደበኛ»፣ ከዚያ በላይ በየ1,000 ሜትሩ አንድ ደረጃ እየጨመረ ይሄዳል። ኪዮሴራም በበርካታ ሞዴሎቹ ላይ ይህን አስገብቷል። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን «መደበኛ» ላይ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ተስተካክሎ ነው የሚመጣልን። ዓለም ከተማ ያለ ማሽን ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ፣ መሐል ሜዳ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ መስተካከል አለበት። ይህ ከድራይቨሩ ጉዳይ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ተመልከቱ፦ የማሳያ መስኮት የሌላቸው ትናንሽ ሞዴሎች ላይ ማስተካከያው የሚገኘው በአምራቹ በራሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ነው። በብልሃት ሌላ ድራይቨር ተጭኖለት የሚያትም ማሽን ማተሙን ያትማል፤ ከፍታውን የሚነግረው ሰው ግን አይኖረውም። ለዚህ ነው የአምራቹን ሙሉ ፕሮግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻም ቢሆን፣ መጫን ያስፈልጋል የምለው።

ብርዱንም አትርሱት። በጠዋት ውርጭ ውስጥ ያደረ ማሽን ክፍሉ በድንገት ሲሞቅ በውስጡ ጤዛ ይይዛል። በክረምት ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ተጣጥፎ የሚወጣውና ቶነሩ በጣት ሲነካ የሚረግፈው ብዙ ጊዜ እርጥብ ወረቀት ነው። የወረቀቱን እሽግ እስኪፈለግ አለመክፈት፣ ፕሪንተሩንም ክፍሉ ለብ ካለ በኋላ መክፈት በቂ ነው።

ከውጭ አገር ዘመዶቻችን ስለሚላክ ዕቃ አንድ ቃል ልጨምር። ልጆቻችን ከአሜሪካ ለትምህርት ቤታችን ብለው ፕሪንተር ሲልኩ የሚልኩት ልባቸውን ነው። ነገር ግን የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይችላል፤ የሌዘር ፕሪንተር ማሞቂያ ክፍል ግን ለአንዱ ብቻ የተሠራ ነው። ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ገጥሞ መሰካት ማሽኑን በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል። ከአውሮፓ የሚመጣው በቮልቴጅ ይስማማናል። በሁለቱም ላይ ግን አንዳንድ አምራቾች የቀለሙን ካርትሪጅ በአህጉር ስለሚከፋፍሉት፣ እዚያ የተሸጠ ፕሪንተር እዚህ የተሸጠውን ቀለም ላይቀበል ይችላል። ስለዚህ ለላኪው ሳንፈራ እንንገረው፤ ዋጋውን ከላከልን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚጠገንና ቶነር የሚገኝለት እንገዛበታለን። ይህን ማለት ነውር አይደለም።

ሌላው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እየተኩ ነበር የሚያስቀምጡት፤ እያንዳንዱም በራሱ ሥርዓት። በዚያ ዘመን የተጻፈ ሰነድ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይታያል። ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ይዞ የሄደ ሰው ወረቀቱ እንዲያ ሆኖ ሲወጣ «ፕሪንተሩ አማርኛ አይችልም» ይላል። ፕሪንተሩ ምንም አላጠፋም። ዩኒኮድም ሆኖ ጣጣ አለ፤ ኒያላ የተባለው ፎንት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፣ በዊንዶውስ 10 ግን በፍላጎት የሚጨመር ሆነ። ስለዚህ በአሮጌው ኮምፒውተር በአንድ ገጽ ልክ የተሠራ የምስክር ወረቀት በአዲሱ ላይ ሲከፈት ፎንቱ ይለወጥና መስመሩ ተገፍቶ ፊርማው ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰነዱን ወደ ሌላ ቦታ ከመውሰዳችሁ በፊት በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። ፒዲኤፉ በስክሪን ላይ በትክክል እየታየ ወረቀት ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ፣ በማተሚያው መስኮት ውስጥ «እንደ ምስል አትም» የሚለውን ምረጡ። ጥቂት ይዘገያል እንጂ ፊደሉ ይወጣል። የፈተና ወረቀት የምታዘጋጁ መምህራን ይህንን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ደስ ይለኛል።

ወደ ግዢው ልመለስ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግዢው ግንቦትና ሰኔ ላይ ይቻኮላል። ዝርዝሩ ላይ «ሌዘር ፕሪንተር፣ ጥቁርና ነጭ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል። እንደዚህ ከተጻፈ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ያ በኮምፒውተሩ ትከሻ የሚኖረው ዓይነት ነው፤ አቅራቢውንም የግዢ ኮሚቴውንም መውቀስ አይቻልም፣ የተጠየቀውን ነው ያቀረበው። በዚያ ፈንታ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ ፒሲኤል 6 ወይም ፖስትስክሪፕት የሚያውቅ፤ ዩኤስቢና የኔትወርክ ገመድ መግቢያ ያለው፤ ኤርፕሪንትን ወይም ሞፕሪያን የሚደግፍ፤ ለ220 ቮልት የተሠራ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ እንደሚሠራ በአምራቹ መመሪያ የተገለጸ ወይም የከፍታ ማስተካከያ ያለው፤ ቶነሩ ደብረ ብርሃን የሚገኝ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ይህን አልደብቅም። ሁለት ርካሽ ከመግዛት አንድ እንዲህ ያለውን ገዝቶ በኔትወርክ መጋራት ይሻላል ባይ ነኝ።

ርክክቡም በካርቶን አይሁን። ማሽኑ በሚሠራበት ቢሮ፣ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካ። በአማርኛ የተጻፈ ሙሉ ገጽ ይታተም። መብራቱ ከግድግዳው ይጠፋና እንደገና ይብራ፣ ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሁለተኛ ገጽ ከሌላ ኮምፒውተር ይላክ። ድራይቨሩ በፍላሽ ይረከብ። የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ የሚቆረጠው ሁለቱ ገጾች በንጹሕ ከወጡ በኋላ ይሁን፤ ገጾቹም ከሰነዱ ጋር ይያያዙ።